ወደ ጎጆ መሸሽ፦ ስለ ዕረፍትና ስለ ባልንጀራ ፍቅር

በዘመናችን በከተማ የሚኖር ሰው ጥቂት ገንዘብና ጥቂት ቀን ሲያገኝ ልቡ ወደ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ደንና ወደ ተራራ ይሳባል። ላንጋኖ፣ ወንጪ፣ ቢሾፍቱ፣ ጎርጎራ የሚሉት ስሞች ከቦታ መጠሪያነት አልፈው የዕረፍት ምሳሌ እየሆኑ መጥተዋል። በእነዚህ ስፍራዎች «ሎጅ» እየተባሉ ከሚሠሩት ማረፊያዎች ብዙዎቹ የሀገራችንን ጎጆ ቤት አምሳል የያዙ ናቸው፤ ክብ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ከደጅ የሚነድ የእንጨት እሳት፣ በማለዳም የወፍ ድምፅ። በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» የተባለው ፕሮጀክት ወንጪን፣ ጎርጎራንና ኮይሻን ለማልማት ሲመርጥ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወንጪ በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ስትሰየም፣ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ወግ ከመሆን አልፎ የሀገር ጉዳይ ሆነ። ወደዚያ የሚሄዱት ሰዎች የሚሹት ምን እንደሆነ ቢጠየቁ፣ አብዛኞቹ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ሩጫውን ጥቂት ማቆም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የማረፊያዎቹን ውበት ወይም ዋጋ አይደለም። ጥያቄአችን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ክርስቲያን የሆነ ሰው ሥራውንና ሰዎችን ትቶ ለብቻው በጸጥታ ማረፉ ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ የእርሱን ዕረፍት የሚሸከምለት ማን ነው? ይህ ጥያቄ ሎጅ የመሄድ አቅም ያላቸውን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በየቁምስናዎቻችን እሑድ ቅዳሴ፣ ቅዳሜ የሕፃናት ትምህርት፣ በሳምንቱ መካከል ለቅሶና የታመመ ጥየቃ እያሉ ዓመቱን ሙሉ የማያርፉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አሉን። ከእነርሱም መካከል ማረፍ ኃጢአት መስሎ የሚታያቸው ጥቂቶች አይደሉም። ጥያቄው ለእነርሱም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ልብ እንበል። የከተማው ሰው ከፍሎ የሚያድርበት ጎጆ፣ ገበሬው ወገናችን ዕድሜውን የሚኖርበት ቤት አምሳል ነው። ለአንደኛው ጎጆው ዕረፍት ሲሆን ለሁለተኛው የድካም ስፍራ ነው፤ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ውኃው ከሩቅ ምንጭ በሴቶች ጀርባ ይመጣል፤ ክረምት ሲቃረብ ክዳኑ መታደስ አለበት። የገበሬው ልጅ የሚመኘው የቆርቆሮ ክዳንና የመብራት መስመር ነው፤ በዚህም ማንም ሊነቅፈው አይችልም። እንግዲህ ዕረፍቱ ያለው በሣር ክዳኑ ውስጥ አይደለም ማለት ነው። የከተማው ሰው በዚያ የሚያገኘው ትልቁ ነገር የሚጠራው፣ የሚጠይቀውና የሚያጣድፈው ሰው አለመኖሩ ነው። ውኃውን የሚቀዳ፣ እሳቱን የሚያነድ፣ አልጋውን የሚያነጥፍ ሌላ ሰው አለ። ይህን እውነት ከመጀመሪያው ካልያዝን ስለ ተፈጥሮና ስለ ጸጥታ የምንናገረው ሁሉ ግማሽ እውነት ይሆናል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንለፍ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ ሐዋርያት ከተላኩበት ተመልሰው የሠሩትንና ያስተማሩትን ሁሉ ለጌታ ነገሩት። የሚመጣውና የሚሄደው ሕዝብ ብዛት ለመብላት እንኳ ጊዜ አሳጥቷቸው ነበርና፣ ጌታ ራሱ ሰው ወደሌለበት ስፍራ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። ሐዋርያት ፈቃድ አልጠየቁም፤ ድካማቸውን አይቶ ያዘዘው እርሱ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ደግሞ ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞቱን ሲለምን እናገኘዋለን። እግዚአብሔር በመልአኩ አማካይነት የሰጠው የመጀመሪያ መልስ ተግሣጽም ስብከትም አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ ነበር። ነቢዩ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። ዳግመኛም ተቀስቅሶ በላ። ከዚያ በኋላ ነው አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ወደ ኮሬብ የተጓዘው። ሥጋችንን የፈጠረ አምላክ ሥጋችን መድከሙን ያውቃል፤ የደከመን ሰው እንደ በደለኛ አይቈጥረውም።

የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ይህንኑ አስተምረዋል። ዮሐንስ ካሲያኖስ እንደሚተርከው፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ አንዲትን ቆቅ በእጁ እየደባበሰ ሲያጫውት አንድ አዳኝ አይቶት ተደነቀ፤ እንዲህ ያለ ታላቅ ሰው በዚህ ትንሽ ነገር መዝናናቱ አልተዋጠለትም። ሐዋርያው ግን አዳኙ የያዘውን ቀስት አሳይቶ፣ ለምን ሁልጊዜ ተወጥሮ እንደማይቀመጥ ጠየቀው። አዳኙም ሁልጊዜ ቢወጠር ኃይሉ ይደክማል ብሎ መለሰ። የሰውም ነፍስ እንዲሁ ናት። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ታሪክ ጠቅሶ፣ ሥጋ በዕረፍት እንደሚታደስ ነፍስም በመዝናናት እንደምትታደስ፣ ይህም በልክ ሲሆን የምግባር ክፍል እንደሆነ አስረድቷል። ስለዚህ ማረፍ በራሱ ስንፍና አይደለም።

ነገር ግን ወደ ሌላ ስፍራ የመሄድ ምኞት ሁሉ የዕረፍት ፍላጎት ነው ማለት አንችልም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዮስ መነኮሳትን በቀትር ስለሚፈትን አንድ ክፉ መንፈስ ጽፏል። ይህ መንፈስ ሲመጣ ፀሐይ የቆመች ትመስላለች፤ ቀኑ አልመሽ ይላል፤ መነኩሴው በየጊዜው ወደ መስኮት ይመለከታል፤ ያለበትን በኣት፣ የያዘውን ሥራ፣ አብረውት ያሉትን ወንድሞች ይጠላል፤ በሌላ ስፍራ ቢሆን ኖሮ ሁሉ የሚቃናለት ይመስለዋል። አባቶች ይህን ደዌ የነፍስ ስልቹነት አድርገው ቈጥረውታል። ልብ እንበል፤ ይህ ሰው በጸጥታ መካከል በበረሃ የሚኖር ነበር። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካም ሰው አገር ቢለውጥ ራሱን ይዞ ስለሚሄድ ሐዘኑ እንደማይለቀው ለወዳጁ ጽፎለት ነበር። በሎጁ በረንዳ ተቀምጦ ስልኩን በየደቂቃው የሚመለከት፣ ሐይቁን ከማየት ይልቅ ፎቶግራፉን ለሌሎች ማሳየት የሚያስጨንቀው ሰው ገና ከከተማ አልወጣም።

እንግዲህ እውነተኛውን ዕረፍት ከስልቹነት ሽሽት የምንለይበት ምልክት ምንድን ነው? ምልክቱን በአወጣጣችን ብቻ ብንፈልገው አናገኘውም፤ ኤልያስም የወጣው ፈርቶ ነበርና። ምልክቱ ያለው በአመላለሳችን ነው። እግዚአብሔር ኤልያስን በኮሬብ ተራራ አላስቀረውም፤ በዚያ ምን እንደሚሠራ ጠይቆት በመጣበት መንገድ መልሶ ወደ ሥራው ላከው። ከዕረፍቱ ሲመለስ ትቶአቸው የሄዳቸውን ሰዎች በበለጠ ትዕግሥት የሚቀበል ሰው በእውነት አርፏል። ሲመለስ ሰዎቹ ከቀድሞው ይልቅ የሚከብዱት፣ ቤቱ የሚያስጠላው፣ ወዲያውም ሁለተኛ ጉዞ የሚያስብ ከሆነ፣ ያሳለፈው ጊዜ ደስታ ሊሆን ይችላል፤ ዕረፍት ግን አልነበረም።

የቅዱስ አጎስጢኖስ ሕይወት ለዚህ መልካም ምስክር ነው። በ386 እ.ኤ.አ. በሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር ሳለ ልቡ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰ፤ ደረቱንም ያመው ነበር። የወይን መከር ዕረፍት እስኪደርስ ታግሦ ሥራውን ተወ፤ ቬሬኩንዱስ የተባለ የሰዋስው መምህር ወዳጁም ካሲኪያኩም በተባለ ስፍራ ያለውን የገጠር ቤቱን ሰጠው። አጎስጢኖስ ወደዚያ የሄደው ብቻውን አልነበረም፤ እናቱ ቅድስት ሞኒካ፣ ልጁ አዴዎዳቱስ፣ ወንድሙ፣ ወዳጁ አሊፒዮስና ወጣት ተማሪዎቹ አብረውት ነበሩ። ይጸልያሉ፣ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ የእርሻውንም ሥራ ይመለከታሉ። ከዚያ ጸጥታ መጻሕፍት ወጡ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ387 እ.ኤ.አ. በፋሲካ ከቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ጥምቀትን መቀበሉ ነው።

አጎስጢኖስ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ባለ ጸጥታ ለመኖር በብርቱ ተመኘ። ሆኖም በ391 እ.ኤ.አ. በሂፖ ከተማ ሕዝቡ ይዞ ለክህነት አቀረበው። ወዲያውም ለጳጳሱ ለቫሌርዮስ ደብዳቤ ጽፎ፣ አገልግሎቱን በሚገባ ለመፈጸም ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያጠናበት ጥቂት ጊዜ እንዲሰጠው ለመነ። አገልግሎቱን ለመሸሽ ሳይሆን ለማገልገል እንዲችል ጊዜ ጠየቀ። ሸምግሎም «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ 19ኛ ክፍል ይህን ነገር በሚገባ አስቀመጠው፤ የእውነት ፍቅር ሰውን ወደ ቅዱስ ጸጥታ እንደሚስበው፣ የባልንጀራ ፍቅር ደግሞ ሸክም እንዲቀበል እንደሚያስገድደው፣ ሸክሙን የተቀበለ ሰውም የጸጥታውን ጣዕም ፈጽሞ እንዳይተው፣ ቢተወው ግን ሸክሙ እንደሚጥለው አስተማረ። ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራኖቻችን ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም።

በቅርብ ዘመናት ስማቸው ከጎጆ ጋር የተያያዘ ሁለት ሰዎች እናስታውስ። አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1845 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር በማሳቹሴትስ፣ ዋልደን በተባለው ኩሬ ዳር፣ በ28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ወጪ ትንሽ የእንጨት ቤት ሠርቶ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ያህል ኖረ። ዓላማው ለሰው ሕይወት በእውነት የሚያስፈልገው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ለማወቅ ነበር፤ ይህም የተከበረ ዓላማ ነው። ቅዱስ ሻርል ደ ፉኮ ደግሞ በ1911 እ.ኤ.አ. በሰሃራ በረሃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለው አሰክረም በተባለው ተራራ ላይ የድንጋይ በኣት ሠራ። ስፍራው እጅግ ያማረ ነው። እርሱ ግን ስፍራውን የመረጠው ለውበቱ ብቻ አልነበረም፤ በበጋ ወራት የቱአሬግ ዘላኖች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደዚያ አካባቢ ይመጡ ነበርና፣ ሊቀርባቸው ወደደ። በዚያም ቋንቋቸውን ለማጥናት ደከመ። በ1916 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን በታማንራሴት ተገደለ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀንም ቅድስናው ታወጀ። የመጀመሪያው ጎጆ ለሕይወት የሚበቃውን ያስተምረናል፤ ሁለተኛው ግን የጸጥታ ቤት በር ለመንገደኛ ክፍት ሊሆን እንደሚችል ያሳየናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። ዕረፍታችንን የሚሸከመው ማን ነው? የሰንበት ትእዛዝ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ሲነገር የሚያርፉትን አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ ልጆች፣ አገልጋይ ወንድና አገልጋይ ሴት፣ በሬና አህያ፣ በደጅ ያለ መጻተኛም አልቀረም። ምክንያቱንም ይሰጣል፤ አገልጋዮቹ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ፣ እስራኤልም በግብፅ ባሪያ እንደነበረ እንዲያስብ ነው። እንግዲህ በመጽሐፍ ቅዱስ ዕረፍት የግል ንብረት አይደለም። ጌታው አርፎ አገልጋዩ ካላረፈ፣ ትእዛዙ በግማሽ እንኳ አልተፈጸመም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው የሠራተኛውን የሰንበት ዕረፍት መብት የተከላከሉት በዚህ መሠረት ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም፣ የማረፊያ ጊዜ ያላቸው ክርስቲያኖች በድህነት ምክንያት ማረፍ ያልቻሉትን ወንድሞቻቸውን እንዲያስቡ ያሳስባል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ለተፈጥሮና ለድሆች ያለንን አሳቢነት ማነሣሣት እንዳለበት አስተምረዋል።

ይህን ወደ ራሳችን ቤት እናምጣው። በሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሳምንት ከ24 ያላነሰ ያልተቋረጠ የዕረፍት ሰዓት እንዲያገኝ ያዝዛል። ነገር ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አዋጁ ከወሰኑ ውጭ ስለ ተወው፣ በየቤታችን የምታገለግለው የቤት ሠራተኛ በዚህ ጥላ ሥር አልገባችም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 ለቤት ሠራተኞችም ይህንኑ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል። ለክርስቲያን ግን ሕግ ባይደርስላትም ትእዛዙ ደርሶላታል። ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ሐይቅ ዳር ሲሄድ፣ እርሷ ልጆቹን ለመጠበቅ አብራ ብትሄድ ሥራዋ ቦታ ለወጠ እንጂ አላረፈችም፤ ቤት ለመጠበቅ ብትቀርም እንዲሁ ነው። ወደ ዐረብ ሀገሮች የሄዱ እኅቶቻችን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ሳያርፉ እንደሚሠሩ ስንሰማ እናዝናለን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ያ ሐዘን እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን በራሳችን ወጥ ቤት ውስጥ ላለችው ልጅ በምናደርገው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ክርክር ሊነሣ ይችላል። እንግዶች ባይሄዱ ኖሮ የሎጁ አስተናጋጅ፣ በወንጪ ዳገት ፈረስ የሚያከራየው ወጣት፣ ጀልባ የሚቀዝፈውም ሰው እንጀራ ከየት ያገኙ ነበር? የእኛ ዕረፍት ለእነርሱ ሥራ ነው፤ ሥራውም ኑሮአቸው ነው። ይህ ክርክር እውነት አለበትና ልንንቀው አይገባም። ትእዛዙም ማንም ሰው በማንም ዕረፍት ጊዜ አይሥራ አይልም፤ ካህኑም፣ ሐኪሙም፣ ዘበኛውም በሰንበት ይሠራሉ። ትእዛዙ የሚለው ተራው ለሁሉም ይድረስ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ በመሄድ ላይ አይደለም፤ ያገለገለንን ሰው እንደ ዕቃ ቈጥሮ በመመለስ ላይ ነው። ለክፍሉ ብዙ ሺህ ብር ከፍሎ ከባለ ፈረሱ ጋር በጥቂት ብር መከራከር፣ በሐይቁ ዳር ፕላስቲክ ጥሎ መሄድ፣ የገበሬው ማሳ ላይ ፎቶግራፍ ለመነሣት ሰብል መርገጥ፣ እነዚህ ሁሉ ዕረፍቱን ያረክሱታል። የአስተናጋጁን ስም መጠየቅ፣ የዕረፍት ቀን እንዳለው ማወቅ፣ ዋጋውን ሳያጓድሉ መክፈል ግን ለማንም የሚከብድ አይደለም።

ገንዘብ የሌለው ወንድማችንስ? በእርግጥ የሐይቅ ዳር ጎጆ ለአብዛኞቹ ምእመናኖቻችን የማይደረስበት ነው። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በ1548 እ.ኤ.አ. በታተመው የመንፈሳዊ ልምምዶች መጽሐፉ የሠላሳ ቀን ያህል ሱባኤ ቢያዘጋጅም፣ ሥራውንና ቤቱን ሊተው የማይችል ሰው በየዕለቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወስዶ በቤቱ ሳለ ሊፈጽመው እንዲችል ሥርዓት ሠርቷል። ጸጥታ የሀብታም ብቻ እንዳትሆን ያደረገው ይህ ጥበብ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ያለ ዛፍ ጥላ፣ ከማለዳ ጸሎት በኋላ ያለ ግማሽ ሰዓት፣ ስልክ ተዘግቶ የሚበላ የሰንበት ምሳ፣ ወደ ወንዝ ዳር የሚደረግ የእግር ጉዞ፣ እነዚህ ዋጋ የማይጠየቅባቸው ናቸው።

ሆኖም ይህን ምክር ለድሃው ሰጥቶ ብቻውን መተው አይበቃም። ጊዜ የሌለው ሰው ጊዜ የሚያገኘው ሌላው ሲሸከምለት ነው። ስለዚህ ለየቁምስናው ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በዓመት ቢያንስ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሰው ተተክቶለት እንዲያርፍ ተራ ይውጣ። ሁለተኛ፣ የሰበካው ዓመታዊ ሱባኤ ሲዘጋጅ የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ ለማይችሉት ከጋራ ሣጥን ይሸፈን። ሦስተኛ፣ ሕፃናትና በሽተኛ ያለባቸው እናቶች በወር አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያርፉ የማኅበር አባላት በየተራ ቤታቸውን ይጠብቁላቸው። ወደ ሐይቅ ዳር የሚሄዱትም፣ ከመሄዳቸው በፊት በቤታቸው ያለችው አገልጋይ የምታርፍበትን ቀን ቈርጠው ቢሄዱ፣ ዕረፍታቸው ሙሉ ይሆናል።

ወደ ማርቆስ ወንጌል አንድ ጊዜ ደግመን ብንመለከት፣ ሐዋርያት ሊያርፉ የሄዱበት ስፍራ ሲደርሱ ሕዝቡ በእግር ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበር። ጌታ አዘነላቸው፤ አስተማራቸው፤ መገባቸውም። ብዙ ጊዜ ይህን የምናነበው ዕረፍቱ እንደ ተሻረ አድርገን ነው። ነገር ግን ጥቂት ቍጥሮች ዝቅ ብለን ብናነብ፣ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን በጀልባ አስቀድሞ ሰድዶ፣ ሕዝቡን ያሰናበተው እርሱ ራሱ ነው፤ ከዚያም ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ዕረፍቱ ዘገየ እንጂ አልተሻረም። የደከሙት ቀድመው ሄዱ፤ የመጨረሻውን ድካም ጌታ ወሰደ። በየቤታችንና በየቁምስናችን በዚህ ሥርዓት ለመኖር የሰንበት ጌታ ጸጋውን ያድለን።